ዝምታ ሁሉ ሶብር ነውን?



ከአሰላ ከተማ በላይ የጭላሎ ተራራ ቆሟል። በዚያ ደጋ ልጅ ሩጫን የሚለምደው ትምህርት ቤት ሲመላለስ ነው። በ1988 እ.ኢ.አ. በአትላንታ ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው። በ1984 በባርሴሎና ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉም የበቆጂ ልጅ ናት። እንዲህ ባለ አገር ዳገት መውጣት ያቃታት ልጅ ቶሎ ዓይን ውስጥ ትገባለች ትሉ ይሆናል። የእኛ ልጅ ግን አልታየችንም። ለምን እንዳልታየችን ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ ነበረች። በ9 ዓመቷ ጉሮሮዋን አመማት፤ አተኮሳትም። «ቶንሲል ነው» ተባለና በአገሩ ልማድ ተቧጠጠላት። ትኩሳቱ ሲበርድ ሁላችንም «አልሐምዱሊላህ» አልን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አበጡ። «ቁርጥማት ነው፣ ስታድግ ይተዋታል» ተባለ፤ እሱም አለፈ። ውሎ አድሮ ግን ውሃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ተቀምጣ ማረፍ ጀመረች። ሌሊትም ትራስ ደራርባ ካልሆነ አትተኛም። «ምን ሆንሽ?» ስንላት «ምንም» ትላለች። እኛም «ይህች ልጅ ሶብር አላት፤ ማማረር አታውቅም» እያልን በጎረቤት ፊት አወደስናት። ውዳሴያችን አፏን ዘጋው።

በ1997፣ በ13 ዓመቷ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ወደቀች። 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ ወሰድናት። ሐኪሞች ልቧን በአልትራሳውንድ ሲያዩ ደም የሚያሳልፉት በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹ፣ ክፉኛ ተጎድተው አገኙ። ነገሩንም አስረዱን፦ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ በመድኃኒት ካልታከመ፣ ጀርሙን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ መገጣጠሚያንና የልብ ቫልቭን ሊያጠቃ ይችላል። ገና ጉሮሮዋን ባመማት ጊዜ ፔኒሲሊን ብታገኝ በሽታውን መከላከል ይቻል ነበር።

ወደ አሰላ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጄን ይዛ፣ «አጎቴ፣ ያኔ አመመኝ ብዬ ብናገር ኖሮ ሶብሬ ይበላሽ ነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እስኪ ዛሬ ጥያቄዋን አብረን እንመልሰው።

የነቢዩላህ አዩብን (ዐ.ሰ.) ታሪክ አስተውሉ። ስለ ሶብር ሲነገር መጀመሪያ የሚወሳው የእርሳቸው ስም ነው። ነገር ግን ቁርኣን በሱረቱል አንቢያእ እንደሚነግረን ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው በግልጽ ተናግረዋል። አላህም (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሷድ ታጋሽ ሆነው እንዳገኛቸው መሰከረላቸው። ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አዝነዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ እንባው ከእዝነት መሆኑንም ለባልደረቦቻቸው ገልጸዋል።

ምናልባት፣ «እነርሱ ያሰሙት ለአላህ ነው፤ ለሰው መናገር ግን ሌላ ነው» የሚል ይኖራል። መልሱ ቅርብ ነው። ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) በትኩሳት ታመው ሲጠይቋቸው፣ ሕመማቸው ሁለት ሰው የሚታመመውን ያህል መሆኑን ነግረዋቸዋል። አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳወረደ ያስተማሩንም እርሳቸው ናቸው። ሕመሙን የደበቀ ሰው መድኃኒቱን እንዴት ይፈልጋል? ዑለሞች እንደሚያስረዱት ሶብር ልብ በአላህ ፍርድ እንዳይቆጣ፣ ምላስ ጌታውን እንዳይወቅስ፣ እጅም ልብስ እንዳይቀድ መግታት ነው። «እዚህ ጋ ያመኛል» ማለት ከእነዚህ ከአንዱም አይደለም።

የዚህች ልጅ እውነተኛ ጀግንነት የታየኝ መናገር ከጀመረች በኋላ ነው። በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የሚያም መርፌ ቀኑን ራሷ ቆጥራ ታስታውሰን ነበር። «ዛሬ ትንፋሼ አጥሯል» ትላለች፤ ቀጥላም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። በ1999 መስከረም ረመዳን ሲገባ መጾም ፈለገች። አያቷ አላህ ለታመመ ሰው ያደረገውን ማቅለል ሲነግሯት እያለቀሰች ተቀበለች። ፈቃዱን መቀበልም ዒባዳ መሆኑን ከእርሷ ተማርኩ። ታናናሽ ወንድሞቿን ደግሞ ማታ ማታ «አፋችሁን ክፈቱ» እያለች በኩራዝ ብርሃን ጉሮሯቸውን ታይ ነበር።

በዚያው ዓመት በግንቦት፣ በ15 ዓመቷ፣ ወደ አላህ ሄደች። በዚያን ጊዜ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሕፃናት በአብዛኛው ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር፤ ተራዋ ሳይደርስ ቀረ። በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው ማኅበር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያሠራው የልብ ሕክምና ማዕከል ሥራ የጀመረው በ2001 ነው።

ይህን የምጽፈው «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» እያልኩ ከቀደር ጋር ልሟገት አይደለም። ያ በር ለሸይጧን እንደሚከፈት እናውቃለን። ነገር ግን ያለፈውን ለአላህ መተው አንድ ነገር ነው፤ ለሚመጣው ልጅ ያለብንን አማና መርሳት ደግሞ ሌላ። በቀደር ማመን ከአማና ነፃ አያወጣንም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ጉሮሮውን ሲያመውና ሲያተኩሰው ለመቧጠጥ አትቸኩሉ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መርፌ የታዘዘለትም ደህና መሰለ ተብሎ አይቋረጥበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝም ያለውን ልጅ በዝምታው አታሞግሱት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ሁለቴ ሦስቴ ጠይቁት፤ ሲነግራችሁም «ጎበዝ፣ ስለነገርከን አላህ ይውደድህ» በሉት።

የእህቴ ልጅ ሆይ፣ አይበላሽም ነበር። መልሴ ዘገየብሽ፤ አፉ በዪኝ። አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ በጀነት ያገናኘን፤ የታመሙ ልጆቻችንንም ሁሉ ያሽርልን። አሚን።