«ከምላሴ ሥር የማደርገው መድኃኒት ተውበቴን ያበላሻል?»



ረቡዕ ከዒሻ በኋላ አሜሪካ የሚኖር አንድ ወንድም በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ኡስታዝ፣ የፈንታኒል ሱስ ነበረብኝ። ካቆምኩ አራት ወሬ ነው። ከሐኪሜ ጋር በስልክ ቪዲዮ እንገናኛለን። ቡፕረኖርፊን የሚባል መድኃኒት አዛልኛለች፤ በየቀኑ ከምላሴ ሥር አድርጌ እስኪሟሟ እጠብቃለሁ። ቤተሰቦቼ ግን ‹ሱስ ቀየርክ እንጂ ተውበት አላደረግክም› ይሉኛል። ረመዷን ሳይገባ ልተወው?»

አትተወው ወንድሜ። ሐኪምህን ሳታማክር አንድ ቀንም አትዝለል።

መድኃኒቱ ራሱ ከኦፒዮይድ ወገን ነው፤ ቤተሰቦችህ የፈሩትም ለዚህ ነው። ነገር ግን አንጎል ውስጥ ፈንታኒል የሚይዘውን ቦታ ይይዝና በከፊል ብቻ ይሠራል፤ የማቋረጡን ሕመምና አምሮቱን ያስታግሳል። በታዘዘው ልክ የሚወስደው ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ሶላቱን ይሰግዳል። ድንገት ያቋረጠ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወደነበረበት ይመለሳል። ያኔ ሰውነቱ የድሮውን መጠን መሸከም ስለማይችል ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። «ተውበትህ ጎደለ» ብለን መድኃኒቱን ያስጣልነው ልጅ፣ ጀናዛው ላይ ልንሰግድ እንችላለን።

ቡኻሪ የዘገቡትን የዚያን ሰው ታሪክ አስታውሱ። ኸምር ጠጥቶ በተደጋጋሚ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ይቀርብና ይቀጣ ነበር። አንድ ቀን ከተሰበሰቡት አንዱ ረገመው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ልብ በሉ፣ ሰውየው ገና አላቆመም ነበር። ይህ ወንድማችን ደግሞ አቁሞ እየታከመ ነው! መታከምን በተመለከተም ገጠሬዎቹ ዐረቦች ሲጠይቋቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዲታከሙ ነው ያዘዙት። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል አያስወጣም።

«በስልክ ደግሞ ምን ሕክምና አለ?» የሚሉም አሉ። ሜታዶን የሚወስድ ሰው በተለይ በመጀመሪያው ጊዜ ክሊኒክ ድረስ እየሄደ መሰለፍ አለበት። የአገር ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ ከበር የሚመለስ ስንት አለ! በአሜሪካ ግን ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ቡፕረኖርፊንን በአካል ሳይቀርቡ በቪዲዮ ወይም በስልክ መጀመር ተፈቅዷል። ለታክሲ ሾፌሩ፣ ከቤት መውጣት ለከበዳት እናት፣ ነውሯን አላህ ለሸፈነላት እህት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያው ስልክ ግን ፋርማሲ የሠራው የሚመስል፣ ውስጡ ፈንታኒል የሆነ ኪኒንም ይሸጥበታል። ሐኪሟም ሻጩም አንድ ስልክ ውስጥ ናቸው። የሻጩን ቁጥር ዛሬውኑ አጥፋው።

አፕን በተመለከተ ልኩን እንወቅ። በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሪሴት-ኦ የሚባል፣ በሐኪም የሚታዘዝ፣ ከቡፕረኖርፊን ጋር አብሮ የሚሰጥ የ12 ሳምንት አፕ ፈቅዶ ነበር። በኮምፒውተር ቅጂው በተደረገ ጥናት እስከ መጨረሻው ሕክምናው ላይ የቆዩት 82 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ያለ እሱ ከታከሙት 68 በመቶ ገደማ ቆይተዋል። ዕፅ መውሰድን መቀነሱ ግን አልታየም። በ2023 ኩባንያው ከሰረ። ሰበብ ነው፤ ሰበብ ደግሞ ይዘጋል። ፈጅር ላይ ስታጣው ቤቱ ሄደህ በሩን የምታንኳኳው አንተ ነህ።

ለረመዷን፣ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ሰዓቱን ከኢፍጣር በኋላ ወይም ወደ ሱሑር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪምህን አሁኑኑ ጠይቃት። አይሆንም ካለችህ አላህ ለታመመ ሰው የሰጠውን ፈቃድ ሱረቱል በቀራ ውስጥ ታገኘዋለህ። ቀሷውን ዑለሞችን ጠይቅ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ናሎክሶን የሚባለው፣ በአፍንጫ የሚረጨውና የቆመ ትንፋሽ የሚመልሰው መድኃኒት ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። መስጂዳችሁ ውስጥ መኖሩን ኢማማችሁን ጠይቁ። ረጭታችሁም 911 መደወል አትርሱ።

ለወንድማችን ይህንኑ ጻፍኩለት። ትናንት ሌሊት መለሰ፦ «እናቴ ሰኞ ቪዲዮው ላይ አብራኝ ልትቀመጥ ነው፤ ሐኪሟን ራሷ ትጠይቃታለች።» ዛሬ ከዐስር በኋላ ባለው ሰዓት በዱዓችሁ አስቡት።