ካርዱ ይቅደም

ልጄ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ማረልን። አሁን ግን «ተይው፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው» የሚሉሽን ሰምተሽ እጅሽን አጣጥፈሽ እንዳትቀመጪ። በፈቃዱ እኔም አምናለሁ፤ የሰውን ጥፋት በእሱ ማላከክ ግን ደግ አይደለም። «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይባላል።

አስቀድመሽ ነገሩን ለዪ። የታከመ ሁሉ አይድንም፤ ስላልዳነ ብቻም ሐኪሙ አጥፍቷል አይባልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 የሚመለከተው ባለሙያው የሙያውን ደንብ ጠብቆ መሥራቱን ነው። እናትሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆዷን ይዛ ድንገተኛ ክፍል ገባች። ሙቀቷ አንዴ ተለካ፣ «ጨጓራ ነው» ተብላ ማስታገሻ ተወጋች፣ ከዚያ እስኪነጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ስታቃስት ዞር ብሎ ያያት የለም። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ የተገኘው በማግስቱ ሌላ ሆስፒታል ነው። ትርፍ አንጀት ሲጀምረው ጨጓራ ሊመስል ይችላል፤ ጎበዝ ሐኪምም ይሳሳታል። ሌሊቱን ሙሉ ሳይለኩ፣ ሆዷን ደግመው ሳይዳስሱ ማደራቸው ግን ቸልተኝነት ነው። «የተማረ ይግደለኝ» የምንለው የተማረውን ይሠራበታል ብለን ነው።

ይህን ሁሉ በዓይንሽ ብታዪም ፍርድ ቤት ማስረጃ ይጠይቅሻል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የካርዷን ሙሉ ቅጂ፣ የነርሶቹ መከታተያ ቅጽ ሳይቀር፣ በማመልከቻ ጠይቂ። የገባችበትን ሰዓት፣ ሐኪም ያያትን ሰዓት፣ ሙቀትና ደም ግፊት የሚሞላበትን ሰንጠረዥ እዪ፤ ባዶ የቀረው ቦታ ራሱ ምስክር ነው። ቀዶ ሕክምና ያደረገላት ሆስፒታልም ያገኘውን በጽሑፍ ይስጥሽ። ከውጭ የገዛሽውን መድኃኒት ደረሰኝ እንዳትጥዪ። እንጀራ የምታስረክባቸው ደንበኞቿ በወር ስንት ይከፍሏት እንደነበር የሚመሰክር ሰውም ያዢ። ይህን የማጠብቅብሽ ለኅሊና ጉዳት ሕጉ የሚፈቅደው ካሣ ከ1,000 ብር ስለማይበልጥ ነው፤ አንቀጽ 2116 ነው። ያኔ የተቆረጠው ገንዘብ ዛሬም እዚያው መቆሙ ያሳዝነኛል፣ ሊሻሻል ይገባዋል። ስለዚህ ዋናው ካሣ ያወጣችሁት ወጪና የቀረባት ገቢ ነው።

ያንን ወጣት ተረኛ ሐኪም ብቻ አታሳድጂ። በአንቀጽ 2651 ሆስፒታሉ ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ሠራተኞች ጥፋት ኃላፊ ነው። ጎን ለጎን ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አመልክቺ። ኮሚቴው ካሣ አይቆርጥልሽም፤ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች «ጥፋት አለ» ካሉ ግን ዳኛው ፊት ቃላቸው ይከብዳል።

ሽማግሌ ቢልኩባችሁ አትመልሱ። እኔም ዕድሜዬን በሽምግልና የኖርኩ ነኝ፤ በዕርቅ ያለቀ ነገር ደስ ይለኛል። ነገር ግን እናትሽ ድና ሳትጨርስ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርም። ቁስሉ ዳግም ቢያመረቅዝ ማን ያሳክማታል? ባለጉዳይዋ እሷ መሆኗንም አትርሺ፤ አንቺ የምትቆሚው በውክልናዋ ነው።

ጊዜውን ደግሞ ጠብቂ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ። በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በውል ከከሰስን ጊዜው ይረዝማል የሚሉ ጠበቆች አሉ፤ አንቺ በአጭሩ ቁጠሪ። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ሂጂ፣ ማመልከቻሽን በሁለት ቅጂ አስገቢ፣ በእጅሽ በሚቀረው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቺበት።