እጇ የሚያውቀው

ካህናቱ ባለቤቴን በጸሎት የሚጠሯት በክርስትና ስሟ ነው። በ80 ቀኗ ተጠምቃ የተቀበለችውን ያን ስም በሕይወት ሳለች ጎረቤት እንኳ አያውቀውም ነበር፤ ፍትሐት ሲደርስ ግን ሌላው ሁሉ ቀርቶ በእሱ ብቻ ተጠራች። ሥርዓቱን እወደዋለሁ። ሀብታሙም ድሃውም በክርስትና ስሙ ይቆማል። ከ40ኛው ቀን ተዝካር ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ በዚያ ስም ስትታሰብ እጇ ያውቀው የነበረው ነገርስ አብሮ ይታሰባል?

ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት ሰፍታለች። መሶብ፣ ሙዳይ፣ ሌማት፣ አገልግል። በተዝካሩ ዕለት ሰው ልጆች ማሳደጓን፣ ጾሟን፣ እንግዳ መቀበሏን አነሣ፤ ሁሉም እውነት ነው። የሚበሉት ግን እሷ የሰፋችውን መሶብ ከበው ነበር፤ ስለ መሶቡ የተናገረ አልሰማሁም።

ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ነው፤ አንድ ምሽት የመሶብ ክዳን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ቆም አለች። ቀዩ አለላ ከጥቁሩ የሚገናኝበት ቦታ አንዲት ስፌት ያህል ሸርተት ብሎባት ኖሯል። አጠገቧ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ደብተር አርም ነበር፤ ባየው ባየው አልታየኝም። «ተይው፣ ማን ያየዋል?» አልኳት። «እኔ አየዋለሁ» አለችና ትፈታው ጀመር። ዙሩ እየተፈታ ሄዶ ሄዶ የሳምንት ሥራ ጭኗ ላይ ተበተነ። የተፈታው አክርማ ተጣጥፎ ስለቀረ አልሆነላትም፤ አዲስ አምጥታ ውሃ ውስጥ ነከረች፤ ወስፌዋን አንሥታም ከፋኖሱ ሥር እንደገና ጀመረች። አልተማረረችም።

ለማን ብላ ነው? ስሟን የትም አልጻፈችበት። ገበያ ላይ ቢወጣ ያቺ አንዲት ስፌት ዋጋ አትቀንስበትም። በዓል ሲሆን ወስፌ አትነካም፤ በሥራ ቀን ደግሞ ከእጇ አይለይም ነበር። ለማይናገር፣ ለማያመሰግን ነገር እንዲህ መታመን ከጸሎት የሚርቅ አይመስለኝም።

የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ነፍሷን አስብ፤ የእጅ ሥራ ከምድር ተገኝቶ በምድር ይቀራል» አሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ጣቢታ በኢዮጴ ስትሞት መበለቶቹ ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ ምን አሳዩት? በሕይወቷ ሳለች የሠራችውን ልብስ ነው። ጴጥሮስም ይህ ከንቱ ነው አላላቸውም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበስራት የምናያት ፈትል በእጇ ይዛ ነው፤ አባቶቻችንም ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ብለው ይተርኩታል። መልአክ የደረሰበት ሥራ እንዴት የምድር ብቻ ይሆናል?

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የኋለኛው ዘመኗ ነው። ዓይኗ ሲደክም የልጅ ልጃችን አለላውን በየቀለሙ አስራ በጎኗ ትደረድርላት ነበር። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው የእሷ ጣት ነው። ስፌቱን እየዳሰሰች ትቆጥራለች፤ ትመለሳለች፤ ወስፌውን ትወጋለች። ሐረጉ ሳይዛባ ዞሮ ይገጥማል። ያ ጥበብ የት ነበር የተቀመጠው? ንድፍ የለ፣ ዓይን የለ። ጣቶቿ ውስጥ ነበር እላለሁ። እኛ ደግሞ ትንሣኤ ሙታንን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ አድርገን የምናምን ሰዎች ነን፤ የሚነሣው ሥጋ ነው፣ ጥላ አይደለም። እንግዲያው በወስፌ የደነደነችው ያቺ አመልካች ጣትም በተስፋው ውስጥ አለች። ባለቤቴን ያለ እጇ ባስባት የማስባት ሌላ ሴት ነው።

ስለዚህ በ80ኛው ቀን በክርስትና ስሟ ሲጸለይላት እኔ በልቤ ያን የፈታችውን ክዳን ጨመርኩበት። ምስጋናም ልመናም አንድ ላይ ነው።

ሳትጨርሰው የቀረ መሶብ አለ። ልጄ «አባዬ፣ ለመታሰቢያ እንዳለ ይቀመጥ?» ስትለኝ ጨርሺው አልኳት። የእናቷን ሐረግ ላስመስል ሳትል ከቆመበት ቀጥላ በራሷ ቀለም እየሰፋች ነው። የቅዳሴው ኅብስት ከቤተልሔም ወደ መቅደስ የሚመጣው በመሶበ ወርቅ ነውና፣ ሲያልቅ ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ልንሰጠው አስበናል፤ ካህናቱ ከተቀበሉን ለዚያ ያገልግል።