በሰው ከበሮ ማገልገል

የተወደዳችሁ ሆይ፤ ዳዊት ያልለመደውን የሳኦልን ጥሩር አውልቆ ወንጭፉን ያዘ (1ኛ ሳሙኤል 17)። እኛ ግን በእንግድነት በሄድንበት ማኅበር ከሰው ድራም ፊት ስንቀመጥ፣ በእርሱ ፈንታ የምንይዘው አልነበረንም። በአንገት አንጠልጥለን በሁለት እጃችን የምንመታውን ከበሮ ለምደናል፤ በድራም ግን ትልቁን ከበሮ የሚያናግረው እግር ነው። ወንበሩ ከፍ ብሎ፣ መርገጫው ጠንክሮ፣ ጸናጽሉም ርቆ አገኘነው። አለመልመዳችንን ለመሸሸግ አብዝተን ብንመታ የምእመናኑ ዝማሬ ተዋጠ፤ እኛም አፈርን።

በሁለተኛው መዝሙር ወንበሩን ዝቅ፣ ጸናጽሉን ቀረብ አደረግን፤ መርገጫው ግን ለባለቤቱ እግር እንደ ተበጀ ቀረ። ስለዚህ ምቱን አሳንሰን የሕዝቡን ድምፅ አዳመጥን፤ ዝማሬውም ከፍ አለ።

እንግዲህ ሌላው ባዘጋጀው ስፍራ ልናገለግል ስንጠራ የሚቻለውን እናስተካክል፤ በማይቻለው አናጕረምርም፤ ከመምታትም አስቀድመን መስማትን እንማር። አሜን።