ቅቤ የተቀባ ዛፍ፣ ሰሌዳ የቆመለት ዛፍ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ጋር ተያይዞ የሚገኘው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት አለው። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ሲያቋቁሙት ኮረብታውን በብዛት የያዘው ባሕር ዛፍ ነበር፤ የሀበሻ ጥድ እዚህም እዚያም ተርፎ ይታይ ነበር። ዛሬ አስጎብኚ ይዞ የሚገባ ሰው የጉብኝቱን አካሄድ ወዲያው ይለምደዋል። ጎብኚዎቹ አንድ ዛፍ ሥር ይቆማሉ፤ የዛፉ የአገር ስም ይነገራል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሳይንሳዊ መጠሪያ ይነበባል፤ ከዚያ ጥቅሙ ይዘረዘራል።

ጥቅሙ ደግሞ ብዙ ነው። የኮሶ ቀይ የሴቴ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በጠዋት በባዶ ሆድ ተጠጥቶ ስንት ትውልድ ከኮሶ ትል ገላግሏል። ወይራ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ይታጠንበታል፤ ጥርስም ይፋቅበታል። ከዋንዛ በርና አልጋ ይሠራል፤ ከበሮም ይጠረባል። የጥቁር እንጨትን ቅጠል በጣት አሽቶ ወደ አፍንጫው ያስጠጋ ሰው የመራራ ለውዝ የሚመስል ሽታ ያገኛል፤ ጠቆር ያለው ስንጥቅጥቅ ልጡም ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ይሆናል።

ይህ ሁሉ መታወቅ ያለበት ነገር ነው። ሆኖም በዚህ ዓይነት ጉብኝት አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ይታለፋል። ጥቅሙ ተዘርዝሮ ሲያልቅ ለዛፉ የሚቀርለት ነገር አለ? ሰው ዛፍን የሚያከብረው ስለሚጠቅመው ብቻ ነው ወይስ ማንም ባይጠቀምበትም እንኳ ለዛፉ የሚገባው ነገር አለ? ጥያቄው የሃይማኖትም የፍልስፍናም ነው። ወለጋ ደግሞ በዚህ ጥያቄ ብዙ የተፈተነ አገር ነው።

ከነቀምቴ ተነስቶ በጊምቢ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ዲጋን አልፎ ወደ ዴዴሳ ቆላ ሲወርድ፣ በበቆሎና በማሽላ ማሳ መሃል ብቻቸውን የቆሙ ትልልቅ ዛፎች ያያል፤ ዋንዛ፣ ሾላ፣ ዶቅማ። ዙሪያቸው ሲመነጠር እነሱ የተረፉት በአንድ ምክንያት አይደለም። አንዱ ለጥላ፣ አንዱ ለንብ ቀፎ መስቀያ ተብሎ ቀርቷል። ሌላው ግን የተረፈው ሽማግሌዎች ከሥሩ ስለሚቀመጡ፣ ርጥብ ሣር ይዘው ስለሚጸልዩ፣ ግንዱም ቅቤ ይቀባ ስለነበር ነው። ከገዳ ማዕከላት አንዱ የሆነው ኦዳ ቡሉቅ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ይገኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የገዳ ሥርዓት ጉባኤውን ሲያካሂድ የኖረው በእንዲህ ዓይነት ጥላ ሥር ነው።

በዚያ ጥላ ሥር የሚታሰበውን ነገር በጽሑፍ ካስቀመጡት ሰዎች አንዱ ሆላንዳዊው የካቶሊክ ቄስ ላምበርት ባርትልስ ናቸው። በምዕራብ ወለጋ ለብዙ ዓመታት ከማጫ ኦሮሞ ጋር ኖረው የሕዝቡን እምነት የሚመለከት ሰፊ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1983 አሳተሙ። ቄሱ ትልቅ ቦታ ከሰጧቸው ሐሳቦች አንዱ ሰፉ ነው። በዚህ እሳቤ እያንዳንዱ ፍጥረት የራሱ ስፍራ አለው፤ በአንዱና በሌላው መካከልም ሊጠበቅ የሚገባው ርቀትና አክብሮት አለ። በአማትና በምራት፣ በታላቅና በታናሽ መካከል እንዳለ ሁሉ በሰውና በምድር መካከልም አለ። ይህን የሚተላለፍ ሰው ሥርዓት አፍርሷል ይባላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ወርቅነህ ቀልቤሳም የኦሮሞን የአካባቢ ሥነ ምግባር ባጠኑበት ሥራቸው ይህንኑ ሐሳብ ከዘመናዊው የአካባቢ ፍልስፍና ጋር አገናኝተው መርምረውታል።

እዚህ ላይ ሳይድበሰበስ መነሳት ያለበት ተቃውሞ አለ። ነቀምቴ ኦኔሲሞስ ነሲብ ያስተማሩባት፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፉባትና የተቀበሩባት ከተማ ናት። እሳቸው ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሟል። የወንጌላውያን እምነት በወለጋ ሲሰፋ ቅቤ የተቀባ ዛፍ ጣዖት ተባለ፤ ብዙ ቦታም ተቆረጠ። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ከአድባር ጋር የቆየ ጠብ አላት። ይህን ያደረጉ አማኞች ዛፍ ስለጠሉ አልነበረም። ፍርሃትን ነበር የጠሉት። አድባሩ ተቆጣ ተብሎ ድኻ የመጨረሻ በጉን ሲያርድ አይተዋል፤ ልጅ ሲታመም ሐኪም ከመፈለግ ይልቅ ዛፍ መለመን ሰውን እንዴት እንደሚጎዳም ያውቃሉ። ፈጣሪን ትቶ ፍጥረትን ማምለክ ስህተት ነው የሚለው አቋማቸው ሊናቅ የሚገባው አይደለም።

ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው የሚመልሱት ጠንካራ መልስ አላቸው፤ «ከዛፉ ሥር ሆነን እንጂ ዛፉን አንለምንም፤ የምንለምነው ዋቃን፣ ፈጣሪን ነው» ይላሉ። በእሬቻም ተመሳሳይ መልስ ይሰማል። የዚህ ክርክር ከባዱ ቦታ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም ወገኖች ዛፍ ሊመለክ እንደማይገባ ከተስማሙ፣ መጥረቢያው ከአምልኮው ጋር አብሮ የጣለው ምንድን ነው? የወደቀው አክብሮት ነው። አምልኮንና አክብሮትን ለይቶ ለማየት የቸገረው ትውልድ ሁለቱንም በአንድ ምት ቆረጣቸው፤ በባዶው ቦታ ላይም ጥቅም ብቻ ቆመ።

ሁለቱ ተለያይተው መኖር እንደሚችሉ የሚያሳየው ማስረጃ ግን ከክርስትናው ከራሱ ቤት ይገኛል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨት እጽዋት ዝርያዎች መዝግበዋል። ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ ደኑ የቀረው ቤተ መቅደሱን ስለከበበ ነው። ምእመኑ ለጥዱ አይሰግድም፤ ግን አይቆርጠውም። ጉለሌን የመሰለ ማዕከል በአጥርና በጥበቃ የሚያደርገውን ነገር እነዚያ ደኖች ለመቶዎች ዓመታት ያለ ደመወዝተኛ ጠባቂ አድርገውታል።

መጽሐፍ ቅዱስን ቀስ ብሎ ለሚያነብም የዘፍጥረት ሁለተኛ ምዕራፍ አንድ የሚያስገርም ቅደም ተከተል አለው። እግዚአብሔር በኤደን ያበቀላቸው ዛፎች አስቀድመው ለማየት ደስ የሚያሰኙ መሆናቸው ይነገራል፤ ለመብል ያማሩ መሆናቸው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዓይን ከአፍ ይቀድማል ማለት ነው። አዳምም ገነትን እንዲያለማት ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቃትም ተቀመጠ። በአንጻሩ ኦሪት ዘዳግም፣ ከተማ የሚከብብ ሠራዊት ፍሬ የሚሰጡ ዛፎችን እንዳይጥል ይከለክላል፤ ፍሬ የማይሰጡትን ግን ለጦርነቱ ሥራ እንዲቆርጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ የጥቅም ክርክርም በመጽሐፉ ውስጥ ስፍራ አለው። ይህን መካድ አይቻልም፤ ብቻውን ያለ ድምፅ አድርጎ ማቅረብም አይቻልም።

የእጽዋት ማዕከል ራሱ ከዚህ ጥያቄ ብዙም አይርቅም። በጣሊያን አገር በፓዱዋ እ.ኤ.አ. በ1545 የተመሠረተው የዩኒቨርሲቲ ገነት በክብ አጥር ተከቦ፣ ውስጡ በአራት ተከፍሎ እስከ ዛሬ በቦታው አለ። ያን ጊዜ እንዲህ ያሉ ገነቶችን የሚተክሉ ሊቃውንት ለሐኪሞች መድኃኒት ያለሙ ነበር፤ ከውድቀት በኋላ በየምድሩ የተበተነውን የኤደንን ተክል መልሶ መሰብሰብ ይቻላል ብለው ያሰቡም ነበሩ። ስዊድናዊው ሊኔየስም እጽዋትን በሁለት ስም ሲሰይም የፈጣሪን ሥርዓት እያነበብኩ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ቡናን ከዓረብ አገር ስም ጋር አቆራኘው፤ ሰሌዳዎች ሁሉ እስከ ዛሬ ይህንኑ ይዘዋል። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ በነቀምቴ ስም ይሸጣል። በማጫ ኦሮሞ ትውፊት ደግሞ ቡና የበቀለው ከዋቃ እንባ ነው ተብሎ ይተረካል። የቡናው ፍሬ ከነገለፈቱ ጫፉ በጥርስ ተነክሶ፣ በቅቤ ተጠብሶ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ምርቃት እየተቀባበለ ሲበላው ያየ ሰው ስለዚያ ዛፍ ሰሌዳ የማይነግረውን ነገር ያውቃል። የሁለቱ ዕውቀት መጋጨት የለበትም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና የአገር ውስጥና የውጭ ባልደረቦቻቸው በስምንት ቅጾች ያዘጋጁት የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት መዝገብ ለመጠናቀቅ ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል። አንዲትን ቅጠል በአጉሊ መነጽር እያዩ ከሌላዋ ለይቶ መጻፍ፣ ይህንንም ዕድሜ ልክ ማድረግ፣ ራሱ የአክብሮት ዓይነት ነው። ችግሩ ያለው ጎብኚው ከዚህ ትዕግሥት ውስጥ የጥቅሙን መስመር ብቻ ይዞ ሲወጣ ነው።

ጥቅም ብቻውን ዛፍን ያድናል ብሎ ለሚያስብ ሰው ጥቁር እንጨት በቂ መልስ ነው። ልጡ ለፕሮስቴት መድኃኒትነቱ በአውሮፓ ከታወቀ በኋላ በካሜሩንና በማዳጋስካር ዛፉ ከላይ እስከ ታች እየተላጠ ደረቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ከሚደረግበት ዝርዝር ውስጥ ገባ። የጎዳው ጠቃሚነቱ ነው። በአገራችንም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ የከለከለው በጣም ስለሚፈለጉ ነበር። አዋጁ ወጣ፤ የዋንዛ ሳንቃ ግን ከገበያ አልጠፋም።

ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ልጅ ሳሉ እናታቸው ከአንድ ሾላ ሥር ማገዶ እንዳይለቅሙ ነግረዋቸው ነበር፤ የእግዚአብሔር ዛፍ ነው ብለው። ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ሾላው ተቆርጧል፤ አጠገቡ የነበረው ምንጭ ደርቋል። በሥነ ሕይወት የተማሩት ማታይ የዛፉ ሥር አፈሩን ይዞ ውኃውን ያወጣ እንደነበር የተረዱት በኋላ ነው። የእናቲቱ ምክንያት ግን ይህ አልነበረም። ሳይንሱ ከመምጣቱ በፊት ዛፉን ያቆየው አክብሮቱ ነው፤ ሳይንሱ ሲመጣ ዛፉ የለም።

ዲጋም ከእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። በወረዳዋ ቆላማ ቀበሌዎች ገበሬው በምስጥ ይማረራል፤ ምስጡ ሰብሉን፣ የግጦሽ ሣሩን፣ የቤቱን ማገር ሳይቀር ይበላል። ስለ ጉዳዩ የተደረጉ ጥናቶች መሬቱ ዛፉንና ብስባሹን እያጣ መሄዱን ከምክንያቶቹ ውስጥ ይቆጥራሉ። የሚበላው የደረቀ እንጨትና ቅጠል ያጣ ምስጥ ወደ በቆሎው ይመጣል።

ይህን የጥቅም ማስረጃ አቅርቦ መጨረስ ቀላል ነበር። ግን ጥያቄው እንደገና ይመለሳል፤ ምስጥ ባይኖር፣ ምንጭ ባይደርቅ፣ በማሳው መሃል የቆመው ሾላ ምንም አይገባውም? ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ቴ ኡሬዌራ የተባለውን ደን ማንም የማይይዘው፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው አድርጋ በሕግ አወጀች፤ ሐሳቡ የመጣው ደኑን እንደ ወላጅ ከሚቆጥሩት የቱሆ ማኦሪዎች ነው። ሰፉን የሚያውቅ የወለጋ ሽማግሌ ይህን ሕግ ቢያነቡለት እንግዳ የሚሆንበት አይመስልም። ለክርስቲያኑም እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ሰው ሳይፈጠር፣ ማንም ከፍሬው ሳይቀምስ፣ እግዚአብሔር ምድር ያበቀለችውን አይቶ መልካም እንደሆነ መስክሯልና። በእስልምናም ተክል ተክሎ ወፍ እንኳ ከበላለት ለተከለው ምጽዋት ሆኖ ይቆጠርለታል፤ ወፍ ደግሞ ለተካዩ የምትከፍለው ነገር የላትም።

እንግዲህ ለአስጎብኚዎች አንድ ልመና አለ። በጉብኝቱ መሃል አንድ ዛፍ ይመረጥ፤ ስሙ ይነገር፣ ስንት ዓመት እንደቆመ፣ ማን ጥላው ሥር እንደዳኘ፣ ማን እንደጸለየበት ይነገር፤ ጥቅሙ ግን ለዚያ ዛፍ ይቆይ። ነቀምቴ አጠገብ ኮምቶን የመሰለ ደን አለ፤ ወለጋ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ከተማ ነው። መምህራኑ ተማሪ ይዘው ወደ ኮምቶ ሲገቡ አንድ የእጽዋት ባለሙያ፣ አንድ የገዳ ሽማግሌ፣ አንድ ቄስ ወይም መጋቢ፣ አንድ ሼህ አብረው ይሂዱ፤ ተማሪው አራቱንም በአንድ ዛፍ ሥር ይስማ። የዲጋ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶችም በየማሳው ብቻውን የቀረውን ሾላና ዋንዛ፣ አምልኮ ሳይሉ፣ ገበሬው እንዲያቆየው ከመድረካቸው ይንገሩት፤ አሁን ይንገሩት፤ የተረፉት ዛፎች ጥቂት ናቸው።