ጽዋው በእጁ ሳለ ጸለየ

የስብከቱ ክፍል፦ ነህምያ 2፥1-5



ነህምያ ካህን አልነበረም፥ ነቢይም አልነበረም። በሱሳ ግንብ በንጉሡ በአርጤክስስ ፊት የሚቆም ጠጅ አሳላፊ ነበር። በኒሳን ወር አንድ ቀን ወይኑን ሲያቀርብ ንጉሡ ፊቱን ተመልክቶ ስለ ምን እንዳዘነ ጠየቀው፤ እርሱም እጅግ ፈራ። የምትለምነኝ ምንድር ነው ብሎ ንጉሡ በጠየቀውና ነህምያ በመለሰለት መካከል ግን መጽሐፍ አንድ ነገር ያስገባል፤ ነህምያ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ ይላል።

ይህ ጸሎት ምን ያህል ረዘመ? ንጉሥ መልስ ሲጠባበቅ የሚጸለይ ጸሎት ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ነህምያ፦ «ጌታዬ፥ ጥቂት ታገሠኝ፥ ልጸልይ ነው» ብሎ ጽዋውን አስቀምጦ አልወጣም። ሥራውን አልተወም፥ አምላኩንም አልተወም። ነገር ግን ከዚህ ከአንድ ትንፋሽ በስተ ኋላ አራት ወር የሚያህል ጸሎት እንዳለ አንርሳ። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ የሰማው በካሴሉ ወር ነውና፥ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲያለቅስ፥ ሲጾምና ሲለምን ቆይቶ ነበር። ረጅሙ ጸሎት በቤቱ፥ አጭሩ በሥራው ቦታ ሆነ። አጭሩን ብቻ የሚወድ ሰው ቶሎ ይደርቅበታል።

እኛ ዛሬ በማኅበራችን «አገልጋይ» ስንል የምናስበው ማንን ነው? ሰባኪውን፥ ወንጌላዊውን፥ መዘምራኑን ነው። ሸማኔው፥ አስተማሪዋ፥ ሾፌሩ፥ ነርሷ፥ በገበያ ሚዛን ይዛ የምትቀመጠው እናት ከእሑድ እስከ እሑድ ለእንጀራቸው ብቻ የሚደክሙ፥ እግዚአብሔርንም በትርፍ ሰዓታቸው የሚያገለግሉ ይመስሉናል። ይህ አሳብ ከወንጌል የተማርነው አይደለም።

እንዲያውም በደጋው አገራችን ከዚህ የከፋ አሮጌ ልማድ ነበረን። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን፥ ሸክላ የምትሠራውን ሰው በሙያው እንሰድብ ነበር፤ በሠራው ማረሻ እያረስን፥ በሠራችው ድስት እየበላን ሠራተኛውን ቡዳ ነው እያልን እንሸሸው ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን ግን ማን ይከለክለዋል? ዛሬም ቢሆን ለልጁ ሚስት ሲፈልግ የሙያን ዘር የሚቈጥር ክርስቲያን አለ።

ወንድሞቼ ሆይ፥ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ንና 10ን አንብቡ። ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነበር። በድን የሚነካ ሠራተኛ በአይሁድ ዘንድ እንደ ርኩስ ይቈጠር ነበርና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መልአኩም ለቆርኔሌዎስ የቤቱን ምልክት ሲነግረው የሰውዬውን ሙያ አላፈረበትም፤ በባሕር አጠገብ ያለው የቁርበት ፋቂው የስምዖን ቤት ብሎ ከነሙያው ጠራው። ጴጥሮስም በስድስት ሰዓት ሊጸልይ የወጣው በዚያ ቤት ሰገነት ላይ ነው። እግዚአብሔር ያነጻውን ርኩስ እንዳይል የተማረበት ሥፍራ የፋቂ ቤት ጣራ ሆነ። የዚያ ቤት የቆዳ ሽታ ጸሎትን አላገደም።

እንግዲህ በሥራ ላይ መጸለይ እንዴት ይሆናል? ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት አንድ ፀጕር አስተካካይ ጠይቆ ነበር። በጀርመን አገር በዊተንበርግ ከተማ ጴጥሮስ የሚባል የማርቲን ሉተር ወዳጅ ይኖር ነበር፤ ሥራውም ጢም መላጨትና ፀጕር መቍረጥ ነው። እንዴት ልጸልይ ብሎ በጠየቀው ጊዜ ሉተር ሥራ በዝቶብኛል ብሎ አልመለሰውም፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1535 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ሰጠው። ታላቁ መምህር ለአንድ ጢም ላጭ መጽሐፍ መጻፉ ራሱ ስብከት ነው።

በዚያች መጽሐፍ ጸሎት የማለዳ የመጀመሪያ ሥራ፥ የማታም የመጨረሻ ሥራ እንዲሆን ይመክረዋል፤ «ይህን ልጨርስና ከአንድ ሰዓት በኋላ እጸልያለሁ» ከሚል አሳብ እንዲጠነቀቅም ያስጠነቅቀዋል። አባታችን ሆይን፥ ዐሥሩን ትእዛዛትና የሃይማኖትን መግለጫ አንድ በአንድ ይዞ፥ ከእያንዳንዱ ቃል ትምህርትን፥ ምስጋናን፥ ኑዛዜንና ልመናን እንዲያወጣ ያስተምረዋል። ምሳሌውንም የወሰደው ከራሱ ከጴጥሮስ ሙያ ነው፤ ጥሩ ላጭ አሳቡንና ዓይኑን በምላጩና በጢሙ ላይ ያደርጋል፤ እያወራ ወዲያና ወዲህ ቢመለከት የሰውዬውን አፍንጫ ወይም ጕሮሮ ይቈርጣልና። ጸሎትም እንዲሁ ሙሉ ልብን ይፈልጋል አለው።

እኔ ግን ይህን ምሳሌ ገልብጬም ለማንበብ እወዳለሁ። ምላጩ ሙሉ ልብን የሚፈልገው በምላጩ ሥር የባልንጀራ አንገት ስላለ ነው። ባለጉዳይ ከገጠር መጥቶ በደጅ ቆሞ ሳለ፥ የቢሮውን በር ዘግቶ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ጸሓፊ እግዚአብሔርን አላገለገለም፤ የድሀውን ሰዓት ሰርቆ መሥዋዕት አቀረበ እንጂ። የሥራ ጊዜ ጸሎት እንደ ነህምያ ጸሎት ነው፤ ጽዋውን አያስጥልም።

አንዲት ነጋዴ እናት ማለዳ ሱቅዋን ስትከፍት «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» ብላ እንበል። ቃሉን ታስተውለው፤ እንጀራዬን አላለችም፥ እንጀራችንን አለች። ጤፍ ልትገዛ የመጣችው መበለት በዚያ «እኛ» ውስጥ አለች። ለእርስዋም እንጀራ ለምና ሚዛኑን ብታጐድልባት፥ ጠዋት ከእግዚአብሔር የለመነችውን ቀትር ላይ ከመበለቲቱ አፍ ነጠቀች ማለት ነው። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ምስጋናው ገዢ ስለ ላከላት ነው፤ ኑዛዜው ስለ ትናንቱ ሚዛን ነው፤ ልመናው እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ጸሎቷ የሚዛኑን ድንጋይ እስኪነካ ድረስ ይውረድ። ነርሷም መርፌውን ስታነሣ፥ ሾፌሩም መሪውን ሲይዝ፥ ያ «እኛ» እነማንን እንደሚይዝ ያውቃሉ።

የዚያን የጴጥሮስን ፍጻሜ ልሸሽጋችሁ አልወድም። መጽሐፊቱ በወጣችበት በዚያው በ1535 ዓመት፥ በትንሣኤ ዋዜማ፥ በማዕድ ላይ ሳሉ የልጁ ባል መሣሪያ አይጐዳኝም ብሎ ተመካ፤ ጴጥሮስም ቢላዋ አንሥቶ ወጋው፥ ሰውዬውም ሞተ። በምላጭ ስንት ጕሮሮ በደኅና ያሳለፈች እጅ በራሱ ቤተ ዘመድ ላይ ተነሣች። ጸሎት በአንገት እንደሚታሰር ክታብ አይደለም፤ ጠዋት አስረነው ማታ ሳናስበው አይጠብቀንም። በሥራ ላይ የነበረው ጥንቃቄ ወደ ማዕዱ አልተከተለውም።

ሉተር ግን ወዳጁን አልካደውም። ስለ እርሱ ከሌሎች ጋር ሆኖ ማለደ፤ ጴጥሮስም ከሞት ፍርድ ተርፎ ከከተማው ተባረረና ወደ ዴሳው ተሰደደ። ለእርሱ የተጻፈችውም መጽሐፍ አልተቀደደችም። ነፍሰ ገዳይ የሆነው ያ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ይኸው ወደ አምስት መቶ ዓመት ሲሆነው ምእመናንን መጸለይ ሲያስተምር ይኖራል፤ መጽሐፊቱ ያስተማረችው «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ልመናም ለእርሱ ለራሱ ያን ጊዜ የበለጠ አስፈለገው። እንጸልይ፤

ጌታ ሆይ፥ ዛሬ ምላጭ የያዘውን፥ መርፌ የያዘችውን፥ ሚዛን የያዘችውን፥ እርፍ የያዘውን እጅ አንተ ያዝ። በንጉሥ ፊት የቆመውን ሰው ትንፋሽ እንደ ሰማህ በጠረጴዛችንና በምድጃችን አጠገብ ስማን። በሥራው የተናቀውን አንተ በስሙ ጥራው። በማዕድ ላይ የተቈጣውንም ሰው ቢላዋውን ከእጁ አስጥለው። ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ፤ አሜን።