ስለ ጉብዝና ዘመን ኀፍረት

ነቢይም ንጉሥም የነበረው ዳዊት በ24ኛው መዝሙሩ የወጣትነቱን ኃጢአት እንዳያስብበት ፈጣሪውን መለመኑ፣ የጉብዝና ዘመን ስሕተት ታላላቆችንም እንደማይለቅ ያስረዳናል።

በመርካቶ ሱቅ ከፍቶ፣ ልጆች ወልዶ የተከበረ አንድ ጎልማሳ፣ ከቅዱስ ራጉኤል አስቀድሶ ሲመለስ በልባሽ ጨርቅ ክምር ፊት ኮት የሚለካ ጎረምሳ ቢያይ፣ የራሱ 16ኛ ዓመት ድንገት ይመጣበታል፤ ከዚያው ክምር በርካሽ የገዛውን ኮት «አጎቴ ከአሜሪካ የላከልኝ ነው» እያለ ሲኩራራበት፣ አንዱ ጓደኛው ኮሌታውን ገልብጦ በቀለም የተጻፈውን የባዕድ ሰው ስም ጮክ ብሎ ያነበበበት፣ ክፍሉም በሳቅ ያወካበት ቀን። ከዚያም የባሰው ይከተላል፤ ከእነዚያው ጓደኞቹ ጋር በበርበሬ በረንዳ ሲያልፍ፣ እናቱ ነጠላዋን ካፍንጫዋ ላይ አሥራ ዛላ ስትቀነጥስ አይታው በስሙ ብትጠራው፣ እንዳልሰማ ሆኖ ያለፈበት ቀን።

ሁለቱ ትዝታዎች አብረው ይምጡ እንጂ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የኮቱ ነገር ማንንም አልጎዳም፤ ድኻ ልጅ ከእኩዮቹ ላለማነስ ያደረገው መፍጨርጨር ነውና፣ ለሌላው ሰው ልጅ የምናዝነውን ያህል ለዚያም ልጅ ልናዝንለት ይገባል። የእናት ነገር ግን ንስሓ ይሻል፤ በሕይወት ካለች ጉልበቷን ስሞ ይቅርታ መለመን፣ ዐርፋም እንደ ሆነች የነፍስ አባትን አማክሮ በስሟ ነዳያንን ማብላት እንጂ፣ ሌሊት እየተገላበጡ ራስን መርገም ለእርሷም ለልጇም አይጠቅምም።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ሳይርበው፣ የጎረቤት ዛፍ ፍሬ መስረቁን፣ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን እንደማያደርግም፣ ጳጳስ ከሆነ በኋላ በኑዛዜው መጽሐፍ ጽፎታል። የተሸሸገ ነውር ባለቤቱን ሲያስፈራ ይኖራል፤ በፈጣሪ ፊት የተነገረው ግን ለሌላው ትምህርት ይሆናል።

መርካቶ ራሷስ ብትሆን አመጣጧ የሚያኮራ ነበርን? በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ፋሽስቶች ነጭን ከጥቁር ለመለየት ሲሉ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነቅለው ወደ ምዕራብ ባወጡት ጊዜ የተቆረቆረች ናት፤ ነጋዴዋ ግን የተወለደችበትን ውርደት ሳይክድ፣ በላቡና በወዙ የራሱ አድርጎ አሳደጋት። ሰውም ያለፈ ዘመኑን እንዲሁ መያዝ ይችላል።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፣ ትናንት የነበርነውን ልጅ ከደጃችን አናባርረው፤ እርሱን የታገሠ ሰው በቤቱ ያለውንም ጎረምሳ ይታገሣልና፣ ልጃችን በእኩዮቹ ፊት ያፈረ ዕለት እኛ ደግሞ ነውሩን በጎረቤት መካከል አንግለጥበት። የወጣትነታችንን በደል ያልቈጠረብን አምላክ ይህን ልቡና ለሁላችን ያድለን፤ አሜን።